የእታለማሁ ስድስት ደቂቃ

እታለማሁን "ጨዋ ናት" የሚሉኝ ሰዎች ያበሽቁኛል። ጨዋ መሆኗን መቼ አጣሁት? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሜሪካ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ኖረናል፣ በሦስት ቤት ነው የምንራራቀው። ግን እነሱ ጨዋ ሲሏት ተበድላ ዝም የምትል ማለታቸው ነው። እሱ ነው የሚያናድደኝ። ጨዋ ሰው ቂም አይዝም ያለው ማነው? ይያዝ እንጂ! እታለማሁ ይዛለች። አምስት ወር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ይዛ፣ ቀን ጠብቃ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው የመለሰችው። እኔ ዘርትሁን አጠገቧ ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሰማችሁትን እርሱት።

እታለማሁ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ እዚህ። ባሏ ገና ልጅቱ አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተ። ሐሴትን ብቻዋን አሳድጋ፣ አሁን አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ አስገብታታለች። ሥራዋ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገብታ ጠዋት አንድ ሰዓት ትወጣለች፤ ሽማግሌ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ማለቴ፣ መተኛት ነበረባት።

ከጓሮዋ አጥር ጀርባ ሀይዌይ አለ። ድሮም ነበር፣ ማንም ምንም አላለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ግን አሰፉትና የነበረውን አስፋልት አንስተው ኮንክሪት ሞሉበት። ኮንክሪቱ ደግሞ ዝም ብሎ ለጥ ያለ አይደለም። በዝናብ ጊዜ መኪና እንዳይንሸራተት ብለው፣ ገና ሳይደርቅ በብረት ማበጠሪያ ከዳር እስከ ዳር መስመር መስመር አድርገው ፍቀውታል። ጎማ በዚያ ላይ ሲያልፍ ያፏጫል። አንድ መኪና ሲሆን ፉጨት ነው፣ ሺህ ሲሆን የጥርስ ሐኪም መቆፈሪያ አፍህ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ማለት ነው፣ ያውም ሳያደነዝዙህ። እኔ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነኝ፣ ከፓርኪንጉ ወደ ተርሚናል ሰው ሳመላልስ ነው የምውለው። የጎማ ድምፅ እኔን አታስተምሩኝ። አስፋልት ላይ እያለሁ ተሳፋሪው ቀስ ብሎ ስልክ ያወራል፤ ኮንክሪቱ ላይ ስወጣ ሁሉም "ሄሎ? ሄሎ?" ማለት ይጀምራል።

እታለም ያላደረገችው ነገር የለም። ጆሮዋ ውስጥ ስፖንጅ ወተፈች። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከረች። መኝታ ቤቱ አልሆን ሲላት የልብስ ክሎዜት ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ፣ ከሐሴት የድሮ ጃኬቶች ሥር ተኛች። አንድ ቀን ቀን ላይ ልጠይቃት ገብቼ፣ ክሎዜቱን ስከፍት እግሯ ብቻ ታየኝ። በቁሜ ሞትኩ! የሞተች ነው የመሰለኝ። "አልተኛሁም" አለች ከውስጥ፣ "አይዞሽ፣ አልተኛሁም።" ይሄ ነው እንግዲህ አይዞሽ የተባልኩት።

ሰው ሳይተኛ ስንት ቀን ይሠራል? አንድ ማለዳ ለአንድ ሽማግሌ አጃ በማንኪያ ስታጎርስ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ማንኪያውን ከእጇ የተቀበሏት ሽማግሌው ናቸው። ሱፐርቫይዘሯ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ጻፈችባት። ሦስተኛው ከመጣ መባረር ነው፣ ወረቀቱ ራሱ እንደዚያ ይላል፣ አስፈርመዋታል። በአምሳ ስምንት ዓመቷ ማን ነው ከእንግዲህ ሥራ ብሎ የሚቀጥራት? እሷን ያስፈራት መባረሩ ብቻ አልነበረም። "ዘርዬ፣ አንድ ቀን ሰው ከእጄ ላይ ይወድቅብኛል" ትለኝ ነበር። "ሰው ይሞትብኛል።" እንዲህ ስትል ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኸች ነበር፣ እኛ ደግሞ ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

ታዲያ አምና መስከረም ወረቀት መጣ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ጫጫታው የበዛባቸውን ሰፈሮች ለይቶ፣ በኮንክሪቱ ላይ ድምፅ የሚውጥ አስፋልት ሊደርብ ነው። ለሁሉም ሰፈር አይበቃም፤ ስለዚህ ሰው ልከው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ቅሬታ በበዛበት ይደርባሉ። እሰይ አልኩ! "እታለም፣ ሲመጡ አልቅሺላቸው" አልኳት። "ፍራሹን አሳዪያቸው፣ ማስጠንቀቂያውን አሳዪያቸው፣ ደረትሽን ምቺ።"

"ምን ሆኜ ነው ሰው ፊት የማለቅሰው?" አለችኝ።

እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

የመጣው ፈረንጅ አልነበረም። ጌትነት ነው የመጣው። ጌትነት ለመንገዱ ጥናት የሚሠራ ኩባንያ ተቀጣሪ ነው፤ ራቅ ብሎ ዋይሊ ከተማ አዲስ ቤት ገዝቶ ይኖራል፣ እዚያ የሚሰማው የሣር ማጨጃ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ነው። ሲናገር ቀስ ብሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሁሉንም "እርስዎ" እያለ። እናቶች ይወዱታል። እኔ ወድጄው አላውቅም፣ ይሄንን አሁን አይደለም የምለው፣ ያኔም ብያለሁ።

ረቡዕ ቀን ረፋዱ ላይ አንኳኳ። እታለም ከሥራ ገብታ ክሎዜቷ ውስጥ ከተኛች ሁለት ሰዓት አልሞላትም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከፈተች። "ረበሽኩዎት እንዴ፣ እትዬ?" "ኧረ ምን ረብሸኸኝ፣ ግባ፣ ግባ የኔ ጌታ።" አስቀመጠችው። ሻይ አፈላች። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። ከዚያ ሰውየው ወረቀቱን አውጥቶ፣ የሀይዌዩ ድምፅ ያስቸግርዎታል ወይ ብሎ ጠየቃት።

"ምን አልሽው?" አልኳት ማታ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት።

"ምን እለዋለሁ? ምንም አይል፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት።"

ደሜ ፈላ። "አንቺ ሴትዮ! ሊጠይቅሽ መጥቶ?"

"እንግዳ ነው እኮ ዘርዬ። ገና ገብቶ ሳይቀመጥ ብሶቴን ልዘርግፍበት? ደግሞ የእኛ ልጅ ነው፣ ይገባዋል።"

እኛ እንዲህ ነን። ቤታችን እሳት ቢነሳ እንኳ እንግዳ ከመጣ "ሞቅ ብሎናል፣ ይግቡ" እንላለን። በመንገዳችን ላይ አሥራ ዘጠኝ የሐበሻ ቤት አለ። አሥራ ስምንቱ "ምንም አይል፣ ተመስገን" ብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሸኘው። አሥራ ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። በሬ ላይ "አላገኘሁዎትም" የሚል ወረቀት ሰክቶልኝ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ብኖር ኖሮ ያ ጉዳይ በዚያው ቀን ያበቃ ነበር፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

ኅዳር ላይ ውጤቱ መጣ። ከሀይዌዩ መውጫ፣ ከኤግዚቱ ወዲያ ማዶ ያሉት ፈረንጆች አስፋልት ተፈቀደላቸው። እነሱማ ውሻቸው ሳይቀር ቅሬታ አስመዝግቧል። የእኛ ሰፈር ኮንክሪቱ እንዳለ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም "ነዋሪዎቹ ችግር የለብንም ብለዋል።" እታለም ደብዳቤውን ሐሴት እንድታነብላት ሰጠቻት፣ እንግሊዝኛ ጠፍቷት አይደለም፣ ዓይኗ ማመን አቅቶት ነው።

"ማሚ፣ ምን ብለሽው ነው?" አለች ሐሴት። አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ እንደ እንግሊዝኛዋ አይሮጥም። "ኖ ፕሮብለም ብለሽው ነው? ሲሪየስሊ? ለምን?"

እታለም አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ያፈረችው በራሷ ነበር፣ በጌትነት አልነበረም። "የገዛ አፌ ነው" አለች። "ማንንም አልከስም።"

ሐሴት ግን የእናቷን ዝምታ አልወረሰችም፣ ዕድሜ ይስጣት። መሥሪያ ቤቱን ኢሜይል አድርጋ፣ በቤታቸው ላይ የተሞላውን ቅጽ ላኩልኝ አለች። መብት ነው አሉና በሁለት ሳምንት ላኩላት። እኔም አለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አነበብን። የጌትነት እጅ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው መስመር "ነዋሪዋ ምንም ቅሬታ የለኝም ብለዋል" ይላል። ከሥሩ "የጠያቂው አስተያየት" የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጌትነት ከራሱ ጨምሮ "ቤት ውስጥ የመንገዱ ድምፅ አይሰማም" ብሎ ጽፏል።

እታለም ወረቀቱን ከሐሴት እጅ ወሰደች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በጣቷ የመጀመሪያውን መስመር ነካች። "ይሄንን እኔ ብያለሁ።" ሁለተኛውን ነካች። "ይሄንን እሱ ነው ያለው።" ወረቀቱን እጥፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ፊቷን ሳየው ግን እኔ፣ የምፈራው ሰው የለኝም የምለው፣ ፈራኋት።

እኔማ ሐሳብ አላጣሁም። ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሲያነብ ማይኩን ልንጠቅ? ዋይሊ ድረስ ሄጄ አውቶቡሴን በሩ ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ልዋል? "አይሆንም" አለችኝ። "ለእሱ የሚሆን ቀን ይመጣል።" ሰላምታ ግን አቆመች። በሚካኤል ዕለት እጁን ዘርግቶ "እንደምን ነዎት እትዬ?" ሲላት፣ አጠገቡ ያለችውን ሴትዮ ሳመችና አልፋው ሄደች። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰው ሁሉ አየ። እኔ ደግሞ ያላዩት ካሉ ብዬ ነገርኳቸው።

አቶ ወልደ ሥላሴ ሊያስታርቁ መጡ። የሰበካው ሽማግሌ ናቸው፣ ጠብ ሲሸታቸው እንቅልፍ የላቸውም። "ልጄ፣ ልጁ እየተጨነቀ ነው፣ ይቅር በይው፣ ትንሽ ነገር ናት" አሏት። እታለም በአክብሮት ሻይ አቀረበችላቸው። "አባባ፣ ነገ ጠዋት ይምጡና እዚህ ቤት እስከ ስምንት ሰዓት ይተኙልኝ። ከእንቅልፍዎ ሲነሱ ይቅር እለዋለሁ።" አቶ ወልደ ሥላሴ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ተመልሰው አልመጡም።

መጋቢት ላይ የመጨረሻው የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ይፈረማል፣ ማንም አይነካውም። ሐሴት እናገራለሁ ብላ ተመዘገበች፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው። ማስታወቂያው ሥር በትንሹ፣ በቋንቋው መናገር ለሚፈልግ አስተርጓሚ እናቀርባለን፣ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል ይላል። ሐሴት ደውላ ጠየቀች። ስልኩን ዘግታ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል።

"ማሚ፣ የአማርኛ ትራንስሌተር ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጌትነት! እነሱ ጋር ሌላ ሐበሻ የለም። ይሄ ፌር አይደለም። ካንሰል ላድርገው?"

እታለማሁ ሳቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። "ተይው፣ ይምጣ" አለች። "አንቺ ስምሽን አውጪ፣ የእኔን አስገቢ። እኔ ነኝ የምናገረው። በአማርኛ።"

"ማሚ፣ እንግሊዝኛ ትችያለሽ እኮ!"

"ዛሬ አልችልም።"

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ሠርታ፣ ሐኪም የሚያዘውን ሁሉ በእንግሊዝኛ እየጻፈች፣ "ዛሬ አልችልም።" ነገሩ ሲገባኝ ተነስቼ አቀፍኳት።

ጌትነት ራሱ ደወለላት። ስፒከር ላይ አድርጋው እኔም ሰማሁ። "እትዬ፣ እኔን በመምረጥዎ ልቤ ነው የተነካው። ያለፈው አለፈ። ምን እንደሚሉ ቀደም ብዬ ባውቅ ግን ጥሩ አድርጌ እዘጋጅበት ነበር።" እሷም በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፣ "አትቸገር ጌትዬ፣ እዚያው ትሰማዋለህ" አለችው። አመስግኖ ዘጋ። አመስግኖ!

ስብሰባው ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ነበር። እታለም ለዚያ ምሽት ፈቃድ ወስዳለች፤ ቀኑን ግን እንደ ልማዷ ሳትተኛ ነው የዋለችው። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። የእኛ ሰዎች አርባ ያህል፣ ሦስት ረድፍ ሞልተን ተቀመጥን። እኔ ነኝ ቤት ለቤት ዞሬ የቀሰቀስኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። በጠረጴዛ ላይ ኩኪ ደርድረዋል፣ ጾም ስለሆነ ከእኛ የነካ የለም። ከኩኪው አጠገብ የሁለቱን መንገድ ናሙና አስቀምጠዋል፣ አንድ ቁራጭ ኮንክሪት፣ አንድ ቁራጭ አስፋልት። እታለም ስታልፍ ኮንክሪቱን በጥፍሯ ከዳር እስከ ዳር ፋቀችው። ቆዳዬ ተሸማቀቀ።

ስሟ ሲጠራ ተነሳች። ጌትነት ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ማይኩ ጋ ቀድሟት ደረሰ። ወንበር እንኳ ሳበላት፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከፊት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችና የጌትነት አለቆች ተደርድረዋል፣ መሐል ላይ አንዲት ነጭ ፀጉር ሴትዮ ትመራለች። "ስድስት ደቂቃ አለዎት" አለች። "አስተርጓሚ፣ እባክህ ያሉትን በትክክል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።"

"ስሜ እታለማሁ ይባላል" አለች በአማርኛ። ጌትነት ተረጎመ።

"ቤቴ ከሀይዌዩ ሃያ ሁለት ሜትር ነው።" ተረጎመ። ሰውነቱ ዘና ብሏል።

"ጥቅምት ላይ ስለ ድምፁ ሊጠይቀኝ አንድ ሰው ቤቴ መጣ።" ተረጎመ፣ ግን ዓይኑ ወደ እሷ ዞረ።

"ያ ሰው ይኸው አጠገቤ ቆሟል።"

ጌትነት ምራቁን ሲውጥ ማይኩ ውስጥ ተሰማ። ከዚያ በእንግሊዝኛ "ሰውየው ከጥናቱ ኩባንያ የተላከ ነበር" አለ።

ሐሴት ከወንበሯ ብድግ አለች። "እሷ እንደዛ አላለችም!" አለች በእንግሊዝኛ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። "‘አጠገቤ ቆሟል’ ነው ያለችው!" ሦስቱም የሐበሻ ረድፍ "ልክ ናት!" አለ። አንዳንዶቹ እጃቸውን አወጡ። እኔ ሁለቱንም አወጣሁ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "እንዳሉት ተርጉም" አለችው።

ጌትነት ተረጎመው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። እታለም አልቸኮለችም። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ትሰጠዋለች፣ ልክ በሥራዋ ሽማግሌ ስታጎርስ እንደምታደርገው፣ እስኪውጥ ትጠብቀዋለች።

"ድምፁ ያስቸግርዎታል ወይ አለኝ። ምንም አይል አልኩት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። እንግዳ ነውና አፍሬ ነው።" ተረጎመ።

"ሻይ ሳቀርብለት ግን፣ ‘እትዬ፣ የሚሉት አይሰማኝም፣ መስኮቱን ቢዘጉት’ አለኝ።"

ወይ ጉድ! ይሄንን ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም። አምስት ወር ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ነበር።

"‘ልጄ፣ መስኮቱ ዝግ ነው’ አልኩት። አላመነኝም። ተነስቶ መጋረጃውን ገልጦ አየ። ዝግ ነው። ተመልሶ ተቀመጠና፣ ቤት ውስጥ አይሰማም ብሎ ጻፈ።"

ጌትነት "ተነስቶ መጋረጃውን ገልጦ አየ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲል ድምፁ ተቆረጠ። እንደገና ጀመረው። አዳራሹ ውስጥ ኩኪ የሚያኝክ እንኳ አልነበረም።

"ከዚያ ሽሮዬን በላ" አለች እታለም። "ደግሜ ጨመርኩለት።"

ይሄንንም ተረጎመ። ከኋላ አንድ ፈረንጅ ሊስቅ ጀመረና ተወው።

"እኔ የማስታምማቸው ሰዎች ራሳቸውን አያነሱም። ቀን ካልተኛሁ ሌሊት ከእጄ ይወድቃሉ። ሁለት ጊዜ ተጽፎብኛል፣ ሦስተኛው መባረር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ መስቀያ ሥር ነው የምጋደመው። ይሄ ሰው ቋንቋዬን ያውቃል። ‘ምንም አይል’ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቃል፣ እናቱም እንደዚያ ነው የምትለው። ፈረንጅ ቢሆን አልቀየመውም ነበር። ጨርሻለሁ።"

እሱ ተርጉሞ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች። "እናቱም እንደዚያ ነው የምትለው" ያለችውን ሊዘለው ነበር። ወደ ሐሴት አየና አልዘለለውም።

ሰብሳቢዋ ከጎኗ ካሉት ጋር ተንሾካሾከች። ከዚያ፣ "ይህ እውነት መሆኑን እርግጠኛ መሆናቸውን ጠይቃቸው" አለችው።

ጌትነት ወደ እታለም ዞረ። ላብ በላብ ሆኗል። "እውነት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት ወይ ይላሉ።"

"እሱን ጠይቁት በላቸው።"

"‘እሱን ጠይቁት’ ይላሉ" ብሎ ተረጎመ።

"እሱ ማነው?" አለች ሰብሳቢዋ፣ እያወቀች።

"እኔ ነኝ።"

"እሺ። እውነት ነው?"

መሬት መሬት አየ። "እውነት ነው" አለ። "ይሰማል ብዬ ብጽፍ እያንዳንዱ ቤት ገብተን በመሣሪያ መለካት ነበረብን። ጥናቱ ዘግይቶብን ነበር።" ይሄኛውን ለእኛ አልተረጎመልንም። ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

በዚያ ጾም ምድር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! አላዘንኩለትም። ልጆች አሉት፣ አውቃለሁ። እታለምም ልጅ አላት። አለቃው እዚያው ተነስቶ የጌትነትን ፋይል ከወንበሩ ላይ ሰበሰበ፤ ከዚያ ሥራ እንዳነሱት በማግስቱ ሰማን። ሰብሳቢዋ ደግሞ የሰፈራችን ቅጽ በሙሉ ተሰርዟል፣ እያንዳንዱ ቤት ይለካል አለች። ለኩ። አስፋልቱም የገባው ዘንድሮ መስከረም ነው፣ ይሄንን የሚጠራጠር መጥቶ ይንዳበት።

እታለማሁ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እኛ እያጨበጨብን ነው፣ እልልታም ያመለጣት አለች፣ እኔ ነኝ። እሷ ግን ማንንም አላየችም። ያቺ ጠንካራ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አደረገች፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ "ዘርዬ፣ ትንሽ" አለችኝ። ወዲያው ጭልጥ አለች። ሌላ ተናጋሪ ተጠራ፣ ጮኸ፣ ተጨበጨበ፣ አንድ ወንበር ጓ ብሎ ወደቀ። እሷ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ከእንባዬ ጋር ስታገል ነበር፣ አልደብቃችሁም።

ስብሰባው አበቃ። ሰው መውጣት ጀመረ። ጌትነት መጣ። ክራቫቱን አውልቆ በእጁ ይዞታል። እኛ ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ፣ ሰላምታ ሊሰጥ ሳይሆን ይቅርታ ሊጠይቅ መሆኑ ያስታውቃል። ወደ ጉልበቷ ዝቅ አለና "እትዬ..." አለ።

"አትቀስቅሳት!" አልኩት። በትንሽ ድምፅ ነው ያልኩት፣ ግን ወደ ኋላ ሄደ።

"ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ነው፣ እትዬ ዘርትሁን። አንድ ደቂቃ ብቻ።"

ሐሴት ክንዴን ነካ አደረገችኝ። "አክስቴ ዘርዬ፣ ይጠይቃት፣ ኢትስ ኦኬ።" እኔ አልሰማሁም።

የጽዳት ሠራተኛው ጠረጴዛዎቹን ማጠፍ ጀመረ። ብረቱ ይንኳኳል፣ ይንኳኳል፤ እታለማሁ ንቅንቅ አላለችም። ጌትነት ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ።

"መቼ የሚነሱ ይመስልዎታል?" አለኝ።

"ሁለት ዓመት ነው ያልተኛችው" አልኩት። "ቆመህ ጠብቃት።"